ባሌ ድምፁን ከፍ ሲያደርግ ሰውነቴ ቀድሞ ይደነግጣል፤ በዚህ ዕድሜ ይለወጣል?

ጠያቂ፦ ሰላም ለሁላችሁ። 47 ዓመቴ ነው። ባለቤቴ ክፉ ሰው አይደለም፤ ግን ድምፁ ትንሽ ከፍ ሲል ልቤ ድው ድው ይላል፣ እጄ ይቀዘቅዛል፣ የምለው ሁሉ ይጠፋብኛል። ስብሰባ ላይ አለቃዬ ስሜን ሲጠራም ያው ነው። በራስ መተማመን የለሽም ይሉኛል። እውነት እሱ ነው?

መልስ 1፦ እህቴ፣ ይሄ ፈሪነት አይደለም። ሰውነት አደጋ የመጣ ሲመስለው አድሬናሊን የሚባል ሆርሞን ይለቃል፣ ደም ከቆዳ ሸሽቶ ወደ ትልልቅ ጡንቻዎች ይሄዳል፣ እጅሽ የሚቀዘቅዘውም ለዚህ ነው። እኔን የጠቀመኝ ምልክቱን ቀድሞ መያዝ ነው። የኔ መንጋጋዬ ላይ ይጀምራል። ያኔ ትንፋሽ ሳስወጣ ከማስገባው ረዘም አደርጋለሁ፤ ቀስ ያለ ትንፋሽ ከአንጎል ወደ ልብ በሚወርደው በቬገስ ነርቭ በኩል የልብ ምትን ያረግባል። ተአምር አትጠብቂ፣ ግን አፍሽን ይፈታልሻል።

መልስ 2፦ የትዳር ተመራማሪው ጆን ጎትማን የልብ ምት በደቂቃ ከ100 ካለፈ መደማመጥ ይከብዳል፣ ቢያንስ 20 ደቂቃ እረፍት ውሰዱ ይላል። ግን ተናግረሽ ውጪ፤ «ትንሽ ልረጋጋና ተመልሰን እናወራለን» በይው። ዝም ብሎ በር መዝጋት ኩርፊያ ነው፣ እሱ ደግሞ እኛ ቤት ሳምንት ይከርማል ሃሃ።

መልስ 3፦ ሆርሞንም አለ እኮ! ማረጥ ሲቃረብ የልብ ምት መፍጠንና እንቅልፍ ማጣት ይመጣል፤ የታይሮይድ (አንገት ላይ ያለችው ዕጢ) ችግርም እንደዚያው ያደርጋል። ሐኪም ይይሽ። ቤት ውስጥ ዱላ ወይም ማስፈራራት ካለ ግን ነገሩ ሌላ ነው፣ በትንፋሽ አይታለፍም።

ጠያቂ፦ ዱላስ የለም፣ ተመስገን። የ20 ደቂቃዋን ነገር ዛሬ ማታ ልነግረው ነው፤ ግን እሱ ራሱ ኩርፊያ ይመስለው ይሆን?