የሚሽን ዘይቤ ጠረጴዛን ንድፍ አሳንሶ ለመሥራት፦ የትኛው ልክ ይቀነስ፣ የትኛው ይቆይ?

ጥያቄ (ከሐዋሳ)

ሰላም ለሁላችሁ። የምኖረው ሐዋሳ፣ ባለ አንድ መኝታ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ሲሆን፣ እንጨት የምሠራው በትርፍ ጊዜዬ ነው። ከአሜሪካ የመጣ የሚሽን ዘይቤ ጠረጴዛ ንድፍ አግኝቻለሁ፤ ጉስታቭ ስቲክሊ የተባለው የቤት ዕቃ ሠሪ በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መግቢያ ላይ ካስፋፋው ዓይነት፣ መስመሩ ቀጥ ያለ፣ እግሩ ወፍራም፣ በሁለቱ ጎኖቹ ቋሚ ርብራብ ያለው ነው። የንድፉ ገበታ 48 በ30 ኢንች፣ ቁመቱ 29 ኢንች፣ የእግሩ ውፍረት 2 ኢንች ተኩል፣ የገበታው ውፍረት 1 ኢንች ነው። የእኔ ሳሎን ግን ከ80 በ50 ሴንቲ ሜትር በላይ አይችልም።

ሁሉንም ልክ በሁለት ሦስተኛ ባባዛው ርዝመቱና ስፋቱ ከሞላ ጎደል ይስማማሉ። ነገር ግን ቁመቱ 49 ሴንቲ ሜትር፣ ገበታው 17 ሚሊ ሜትር፣ ርብራቡ ደግሞ ከ12.7 ወደ 8.5 ሚሊ ሜትር ይወርዳል። ጠረጴዛው ልጄ በወንበር ተቀምጣ የምታጠናበት፣ ማታም ሁለት ሰው የሚበላበት ነው። የትኛውን ልቀንስ፣ የትኛውን ልተው?

መልስ (ከአዳማ፣ የእንጨት ሥራ ቤት ያለው)

ከሁሉ በፊት ንድፉን በሙሉ በ25.4 አባዝተው ወደ ሚሊ ሜትር ይለውጡት፤ ግማሹ በኢንች፣ ግማሹ በሜትር ሆኖ ሲቆረጥ የሚባክነው እንጨት ነው። ከዚያ በኋላ እያንዳንዱን ልክ “አንተን የወሰነህ ማን ነው?” ብለው ይጠይቁት። ርዝመትንና ስፋትን የወሰነው ክፍሉ ስለሆነ እነሱን እንደ ልብዎ ይቀንሱ። ቁመትን የወሰነው ግን የሰው አካል ነው። የወንበር መቀመጫ 45 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ስለሆነ ጠረጴዛው 74 ላይ ይቆይ፤ ከወለሉ እስከ ገበታው ሥር ማሰሪያ ጣውላ (እግሮቹን ከላይ እርስ በርስ የሚያያይዘው) ድረስም ለጉልበት ቢያንስ 60 ሴንቲ ሜትር ይተዉ።

ውፍረትን በሚመለከት፣ ገበታውን 17 ሚሊ ሜትር ካደረጉት መሐሉ ይረግባልና አያሳሱት። ከብዙ ዓመት በፊት እኔው ራሴ አንድ የደንበኛ ጠረጴዛ ከእግሩ እስከ ምላሱ (ከጣውላው ጫፍ ወጥቶ እግሩ ውስጥ የሚሰካው ክፍል) በእኩል አሳንሼ ሠራሁ፤ ሲረከቡኝ ዓይን የሚስብ ነበር፤ በዓመቱ ግን በክንድ በተደገፉት ቁጥር እየተወዛወዘ ተመለሰልኝና በነጻ ጠገንኩት።

መልስ (ከሐዋሳ)

ለሶፋ ፊት ቢሆን ኖሮ 49 ሴንቲ ሜትሩ ራሱ መልካም ነበር፤ ለጥናት ግን አይሆንም።

መልስ (ከአዳማ፣ የቴክኒክ መምህር)

በቁመቱ እስማማለሁ፤ ስለ ገበታው መርገብ የተባለው ግን መታረም አለበት። ጣውላ ሲሳሳ ጥንካሬው በፍጥነት መውረዱ እውነት ቢሆንም፣ እዚህ ርዝመቱም አብሮ አጥሯል። ሁሉም በሁለት ሦስተኛ ሲቀንስ፣ ያው ሰው መሐል ላይ ቢደገፍ ገበታው የሚጎብጠው ከዋናው ንድፍ አንድ ጊዜ ተኩል ያህል ብቻ ነው፤ ያ ደግሞ ለዓይን አይታይም። የደንበኛውን ጠረጴዛ ያወዛወዘው መጋጠሚያው ይመስለኛል። ወንዴው ምላስ በርዝመትም በስፋትም ሁለት ሦስተኛ ሲሆን ኮላ የሚይዘው ገጽ ወደ አራት ዘጠነኛ፣ ማለትም ከግማሽ በታች ይወርዳል። እግሩ በቁመቱ ከቀረ ደግሞ ጠረጴዛውን ወደ ጎን የሚገፋው ክንድ መጋጠሚያውን የሚፈለቅቅበት ጉልበት እንደ በፊቱ ነው። ጠረጴዛው ቢያንስም የሚደገፈው ሰው አላነሰም።

ስለዚህ የምላሱን ውፍረት በንድፉ እንዳለው 9.5 ሚሊ ሜትር ይተዉት፤ እንዲያውም 10 ያድርጉት። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ ሴቴውን፣ ማለትም ምላሱ የሚገባበትን ቀዳዳ፣ የሚቦረቡሩት በባለ 10 ሚሊ ሜትር መሮ ስለሆነ፣ መሮው በአንድ ጊዜ የሚጠርበውን ትቶ ለ9.5ቱ ሁለት ሦስተኛ፣ ለ6.3፣ ብሎ መታገል አያስፈልግም። እግሩን 63.5 ቢተዉት በዚህ ስፋት ዝሆን ይመስላል፤ 42 ቢያደርጉት ደግሞ የሚሽን ክብደቱ ይጠፋል። እኔ 50 ሚሊ ሜትር እላለሁ።

አንድ ወጥመድ አለ። በዚህ ዘይቤ ምላሱ እግሩን በስቶ ወጥቶ ይታያል። እግሩ 50 ሲሆን ግን አንዱ ምላስ መሐሉን በስቶ ካለፈ፣ ከጎን ለሚመጣው የሚቀረው ጥልቀት 20 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። ስለዚህ ከላይ የሁለቱን ማሰሪያዎች ምላሶች በ28 ሚሊ ሜትር ርዝመት ጫፋቸውን በ45 ዲግሪ ቆርጠው እግሩ ውስጥ ያገናኟቸው፤ በስቶ የሚወጣውን ከታች፣ ርብራቡን በሚሸከመው የጎን ጣውላ ላይ ብቻ ያድርጉት።

መልስ (ከሐዋሳ፣ አናጢ)

ስለ ርብራቡ ልጨምር። ማሳነስ ያለብዎት ቁጥሩን እንጂ ውፍረቱን አይደለም። ገበታው በየጎኑ 3 ሴንቲ ሜትር ወጣ ቢል፣ በጎን በኩል በእግሮቹ መካከል 34 ሴንቲ ሜትር ይቀራል። 4 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያላቸው 5 ርብራቦች 20 ይወስዳሉ፤ ቀሪው 14 ለ6 ክፍተት ሲካፈል ለእያንዳንዱ 2.3 ይደርሳል። ቁጥሩ ጎዶሎ ይሁን፤ አንዱ ርብራብ መሐል ላይ ካልዋለ ጎኑ የተሰነጠቀ ይመስላል።

ዋናው ዘይቤ ነጭ ኦክ የተባለውን የአሜሪካ ጠንካራ እንጨት ይፈልጋል፤ በእኛ አገር ዋንዛ በደንብ ይተካዋል፤ ሲገዙ ግን ከየት እንደመጣ የሚያሳይ ሕጋዊ ደረሰኝ ይጠይቁ። ባለ 2.5 ሴንቲ ሜትር ጣውላ ሲላግ 2.2 ስለሚሆን የገበታውን ውፍረት 22 ሚሊ ሜትር ብለው ይያዙ። እዚህ የሐይቁ ዳር አየር በክረምትና በበጋ ስለሚለያይ ገበታው በስፋቱ በኩል ጥቂት ሚሊ ሜትር ያብጣል፣ ይሟሽሻልም። በኮላ ወይም በጠባብ ቀዳዳ አጥብቀው ካሰሩት ይሰነጠቃል፤ የብሎኑ ቀዳዳ በስፋቱ አቅጣጫ ረዘም ይበል።

ጠያቂው

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ትናንት ማታ በካርቶን ሁለት እግር ቆርጬ፣ አንዱን 42፣ ሌላውን 50 ሚሊ ሜትር አድርጌ ሳሎን ውስጥ አቆምኳቸው፤ ልጄ ገና ሳልጠይቃት ቀጭኑን “የበርጩማ እግር” አለችው። ስለዚህ 50 ሆኗል። ማሰሪያውን ከ12.7 ወደ 10 ሴንቲ ሜትር ባወርደው ለጉልበት 61.8 ይቀረኛል። ረጅሙ ማሰሪያ ከሁለቱ ምላሶቹ ጋር 69.6፣ አጭሩ 39.6 ሴንቲ ሜትር ሆኖ ወጥቷል። ልክ ነው?

መልስ (የሥራ ቤቱ ባለቤት)

ልክ ነው፤ መምህሩም ልክ ናቸው፤ ያ ጠረጴዛ ሲመለስ የተነቀለው ምላሱ ነበር። ከታች በስቶ የሚወጣውን የጎን ጣውላ ግን 34 ብለው እንዳይቆርጡት፤ ሁለቱን እግሮች አልፎ በየጫፉ ግማሽ ሴንቲ ሜትር እንዲታይ 45 ሴንቲ ሜትር ያስፈልገዋል።