«ኤስኪሞ» የሚለውን በአማርኛ በምን እንተካው?

ዘተርጓሚ
ሰላም ለሁላችሁ። ስለ አርክቲክ ነባር ሕዝቦች የተጻፈ የተማሪዎች መጽሐፍ ወደ አማርኛ እየመለስኩ ነው። ከምንጮቹ እንግሊዝኛው «ኢኑይት» ሲል ሩስኛው «ኤስኪሞስ» ይላል። ሁሉንም «ኢኑይቶች» ብዬ ባስተካክለው ያስኬዳል? ወይስ «ኤስኪሞ፣ ማለትም ጥሬ ሥጋ በላ» የሚል ማብራሪያ ልጨምር?

ማኅደረ ቃል
አያስኬድም። ኢኑይት ለካናዳ ትክክል ነው፤ የ1982 (እ.ኤ.አ.) ሕገ መንግሥቷም የሚጠራቸው በዚሁ ስም ነው። በግሪንላንድ ግን ብዙዎቹ ራሳቸውን «ካላሊት» ይላሉ። አላስካ ላይ ነው ስሕተቱ የሚበዛው፦ በሰሜን ኢኙፒያት፣ በደቡብ ምዕራብ ደግሞ ዩፒክ አሉ። የዩፒክ ቋንቋ ከኢኑይት ጋር ዘመድ ቢሆንም «ኢኑይት» የሚባል ቃል የለውም፤ ስለዚህ ዩፒክን ኢኑይት ማለት አንዱን የውጭ ስም በሌላ መተካት ነው። የኢኑይት ሰርከምፖላር ምክር ቤት (የአርክቲክ አገሮችን ነባር ሕዝቦች በጋራ የሚወክል ድርጅት) ዩፒክንም በኢኑይት ስም ያቅፋል፤ ያ ግን የፖለቲካ ኅብረት ስም ስለሆነ ስለ ምክር ቤቱ ስትጽፍ ብቻ ተጠቀምበት።

«ኢኑይቶች» አትበል። ኢኑይት ራሱ ብዙ ቁጥር ነው፤ «መላእክቶች» እንደማለት ይሆንብሃል። አንድ ሰው ሲሆን ኢኑክ፤ ብዙ ሲሆኑ «ኢኑይት ያድናሉ»። የኢኙፒያት ነጠላ ኢኙፒያክ ነው። ደግነቱ «ኘ» ስላለን ድምፁ አይጠፋብንም፤ «ኢኑፒያት» ብሎ ማቅለል አያስፈልግም።

ሰሜን ኮከብ
ስለ ሩስኛው ልጨምር። በሩስያ የሕግ ሰነዶች «ኤስኪሞስ» ዛሬም መደበኛ ስም ነው፤ በሩስኛም ካናዳ ውስጥ ያለውን የስድብ ክብደት አልያዘም። ሕጉን ስትጠቅስ በትምህርተ ጥቅስ እንዳለ ተወው፤ በራስህ ትረካ ግን «የቹኮትካ ዩፒክ» በል፤ ቹኮትካ የሩስያ ሰሜን ምሥራቅ ጫፍ ነው። በኮምፒውተር «ፈልግና ተካ» እንዳታደርግ! የድሮ ተቋማትን ስምና የጥንት ሰነዶችን ቃል ያበላሽብሃል። «ቀድሞ ኤስኪሞ ይባሉ የነበሩ» የሚለውን ማብራሪያ ምዕራፉ ሲጀምር አንዴ አስገባ፣ ከዚያ በቃ።

ሩስኛው ምንጭህ ያረጀ ከሆነ «ሳሞዬድ» የሚል የድሮ የሕዝብ ስም ያጋጥምሃል። ሰዎቹ ኔኔትስ (የሰሜን ሩስያ ነባር ሕዝብ) ከሆኑ ኔኔትስ በል፤ «የሳሞዬድ ቋንቋዎች» የሚለው የሥነ ልሳን ምደባ ግን ኔኔትስን ብቻ ስለማይመለከት አትንካው። «ኦስትያክ» ካለ ደግሞ ብዙ ጊዜ ኻንቲ የተባለውን የሳይቤሪያ ሕዝብ ነው፤ ግን ሴልኩፕና ኬት የተባሉ ሌሎች የሳይቤሪያ ሕዝቦችም በዚሁ ስም ይጠሩ ስለነበር አካባቢውን ሳታይ አትቀይር።

ወለተ ልሳን
«ጥሬ ሥጋ በላ» የሚለውን ማብራሪያ አውጣው፣ እባክህ። ብዙ የቋንቋ ተመራማሪዎች ቃሉን የሚያያይዙት የበረዶ ጫማ መረብ ከመሥራት ጋር ነው። ለነገሩ ሥሩ ምንም ቢሆን ፍርዱ የባለቤቶቹ ነው፤ «ፈላሻ» ቀርቶ «ቤተ እስራኤል» ስንል ሥርወ ቃሉ እስኪጣራ አልጠበቅንም።

መጽሐፉ ስካንዲኔቪያን ከነካ «ላፕ» የሚለውን የሕዝብ ስም በሙሉ በ«ሳሚ» ተካ፤ አገራቸውም ሳፕሚ ነው። ፊንላንድ ውስጥ «ላፕላንድ» የተባለው የአስተዳደር ክልል ግን ሕጋዊ ስሙ ስለሆነ እንዳለ ይቆይ። «ሳሚኛ» ብለህ በአንድ ስም አትጥራው፤ የሳሚ ቋንቋዎች ብዙ ናቸውና «ሰሜን ሳሚ»፣ «ሉሌ ሳሚ» እያልክ ለይ።