አስቸኳይ፦ የኳንተም ስልጠና ማመልከቻ ነገ ይዘጋል፣ ኮዱ እምቢ አለኝ

ፊዚክስ_ባህርዳር፦ እባካችሁ ድረሱልኝ! ለሴት ሳይንቲስቶች የወጣ የኳንተም ኮምፒውቲንግ ስልጠና ላይ እያመለከትኩ ነው። የቤል ሰርኪውት፣ ማለትም ሁለት ኪዩቢቶችን (የኳንተም ቢቶችን) የሚያቆራኝ ሰርኪውት፣ የሚያሳይ የኮድ ኖትቡክ አያይዙ ይላል። የእኔ በኪስኪት (የአይቢኤም የኳንተም ፓይተን ላይብረሪ) የተጻፈ ነው፣ ግን «ኤግዚኪዩትን ከኪስኪት ማስገባት አልተቻለም» ብሎ ይቆማል። እውነተኛው የኳንተም ማሽን ላይም ወረፋው ረጅም ነው።

መምህሩ፦ እህቴ፣ ኮድ ከመቅዳት በፊት ሊኒየር አልጀብራውን ያዢ። ሃዳማርድ (ኪዩቢቱን የ0 እና የ1 ድብልቅ የሚያደርገው ጌት) ምን እንደሚሰራ በማትሪክስ ጽፈሽ ማሳየት ካልቻልሽ ቃለ መጠይቁ ላይ ትቸገሪያለሽ።

ኪዩቢት21፦ የኪስኪቱን ስሪት አልነገርሽንም፣ ግን 1.0 ወይም ከዚያ በላይ ነው። እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2024 1.0 ሲወጣ ኤግዚኪዩት (ሰርኪውቱን የሚያስኬደው ትዕዛዝ) ቀረ፣ ኤርም (በተራ ኮምፒውተር የኳንተም ማሽንን የሚያስመስለው ሲሙሌተር) ራሱን የቻለ ጥቅል ሆኗል። የምትከተዪው ትምህርት ከዚያ በፊት የተጻፈ ነው። አዲስ ቨርቹዋል ኢንቫይሮመንት (ለብቻው የተለየ የፓይተን ቦታ) ክፈቺ፤ በአሮጌው ላይ ከጫንሽው ይጋጫል። «ፒፕ ኢንስቶል ኪስኪት ኪስኪት-ኤር» በዪ። የኤር ስም ሲጫን በሰረዝ (-)፣ ኮዱ ውስጥ ግን በአንደርስኮር (_) ነው። ከዚያ ኤርሲሙሌተርን አስገቢ፣ ሰርኪውቱን ትራንስፓይል አድርጊ (ለሲሙሌተሩ በሚሆን መልክ ቀይሪ)፣ በ1024 ሾት (ድግግሞሽ) ረን አድርጊው።

ሰላም_ኮድ፦ ኪስኪት-ኤርን ጫኚና ከርነሉን ሪስታርት አድርጊ። ኮላብ (የጉግል የኦንላይን ኖትቡክ) ላይ ከሆንሽ አዲስ ሴሽን በከፈትሽ ቁጥር መልሰሽ መጫን አለብሽ።

ኪዩቢት21፦ እሱን እኮ ብያለሁ 🙂 የኮላቡ ግን ጥሩ ጭማሪ ነው።

ዳዊት_ዘአዳማ፦ ለሁለት ኪዩቢት እውነተኛ ማሽን ለምን አስፈለገ? ሲሙሌተሩ ይበቃል። የ20 ኪዩቢት ስቴት ቬክተር (የኪዩቢቶቹን ሁኔታ የሚይዘው የቁጥሮች ዝርዝር) የሚፈልገው ሚሞሪ 16 ሜጋባይት ብቻ ነው፤ 16 ጊጋባይት የሚሞላው 30 ሲደርስ ነው። ነጻው የአይቢኤም አካውንት የሚሰጥሽን የወር 10 ደቂቃ ለሌላ ሥራ አቆዪው።

ፊዚክስ_ባህርዳር፦ አለፈ!! አሁን ግን 00 እና 01 ነው የሚያወጣው።

ሰላም_ኮድ፦ ዛሬ እንደ ኪዩቢቱ ተኝተሽም ነቅተሽም ልታድሪ ነው 😄 ሲኤክሱ (የተቆጣጣሪው ዋጋ 1 ሲሆን ዒላማውን የሚቀይረው ጌት) ላይ ሁለቱን ኪዩቢቶች አቀያይረሻቸዋል። ሃዳማርዱ ያለው ኪዩቢት 0 ላይ ከሆነ ተቆጣጣሪውም ኪዩቢት 0፣ ዒላማው ኪዩቢት 1 ይሁን። ኪስኪት ኪዩቢት 0ን በስተቀኝ ነው የሚጽፈው። 00 እና 11 እያንዳንዳቸው 512 አካባቢ ይመጣሉ፤ 490 እና 534 ቢሆኑም ልክ ነው።

ህሊና_ቲ፦ «ለሴቶች» የሚል እስኪወጣ ብቻ አትጠብቂ። ጣሊያን፣ ትሪየስቴ ያለው አይሲቲፒ (ዓለም አቀፉ የቲዎሬቲካል ፊዚክስ ማዕከል) ለሚያዘጋጃቸው ስልጠናዎች የተሳትፎ ክፍያ አይጠይቅም፣ ሴቶችንም ያበረታታል። የጉዞ ድጋፉ ውስን ስለሆነ ማመልከቻው ላይ ራሱ ጠይቂ። ፒኤችዲ ካሰብሽ እዚያው ትሪየስቴ ቢሮ ያለው ኦደብሊዩኤስዲ (የታዳጊ አገሮች ሴት ሳይንቲስቶች ድርጅት) ለሴቶች ፌሎሺፕ ይሰጣል፤ ትምህርቱ ግን ከአገርሽ ውጭ፣ በሌላ ታዳጊ አገር ተቋም ነው። ተቀባይ ተቋሙን ከአሁኑ አነጋግሪ፣ የቅበላ ደብዳቤው ጊዜ ይበላል።

ኪዩቢት21፦ 11 መጣልሽ?