በአንድ እግር ሲያርፉ ጉልበታቸው ወደ ውስጥ ይገባል

ጅማ ውስጥ ከ14 እስከ 16 ዓመት የሆኑ 18 ልጃገረዶችን እግር ኳስ አሰለጥናለሁ። በሳምንት ሦስት ቀን እንሠራለን፤ ሜዳው አፈር ነው፣ ክረምት ላይ ጭቃ። ያለን ኳስ፣ ኮንና ስድስት የላስቲክ ባንድ ነው።

የጉልበት የፊት መስቀለኛ ጅማት ብዙ ጊዜ የሚበጠሰው ማንም ሳይነካቸው፣ ከዝላይ ሲያርፉ ወይም ድንገት ሲታጠፉ ስለሆነ የፊፋ 11+ ማሟሟቂያን ጀመርን፦ 8 ደቂቃ ሩጫ፣ 10 ደቂቃ የጥንካሬና የሚዛን ሥራ፣ 2 ደቂቃ ፈጣን ሩጫ።

ስድስት ሳምንት በጥንካሬና ሚዛን ሥራው አንደኛ (ቀላሉ) ደረጃ ቆየን። ቁጭ ብድግና ወደ ላይ ዝላይ 30 ሰከንድ ሁለት ሁለት ዙር፤ ተንበርክኮ ቀስ እያሉ ወደ ፊት መውደቅ፣ ጓደኛ ቁርጭምጭሚት ይዛ፣ ከ3 እስከ 5 ጊዜ። በሁለት እግር ማረፍ ሁሉም ቻሉ።

ችግሩ የመጣው ሁለተኛው ደረጃ ላይ ነው። ወደ ጎን አንድ ሜትር ያህል ዘለው በአንድ እግር ሲያርፉ አራቱ ልጆች ጉልበታቸው ከአውራ ጣታቸው መስመር አልፎ ወደ ውስጥ ይገባል፤ ዳሌያቸውም በሌላኛው ጎን ይወርዳል። ከፊት ለፊት በስልክ ቀርጬ በዝግታ ሳየው ከአራተኛው ዝላይ በኋላ ይብሳል። ርቀቱን ወደ ግማሽ ሜትር ብቀንሰውም ያው ነው። «ጉልበት ከጣት በላይ!» እያሉ መጮኽ ደግሞ ለአንድ ዝላይ ብቻ ይሠራል።

ለእነዚህ አራት ልጆች ዝላዩን አቁሜ የዳሌያቸውን የጎን ጡንቻ በላስቲክ ላጠንክር፣ ወይስ የዝላዩን ቁጥር ቀንሼ ሁለቱን ጎን ለጎን ላስኪድ?