ወንድሜን ጦርነት ከበላው ወዲህ «ፈቃድህ ትሁን» ማለት አቃተኝ

ጥያቄ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ታናሽ ወንድሜ ከሞተ አራት ወሩ። ወታደር አልነበረም። ውሃ ሊቀዳ እንደወጣ ቀረ። እኔ ታላቅ እህቱ ነኝ። ማታ ማታ «አባታችን ሆይ» እላለሁ። «ፈቃድህ ትሁን» የሚለው ጋ ስደርስ አንደበቴ ይተሳሰራል። ፈቃዱ ይሄ ነበር? ሊያጽናኑን የሚመጡት «ለበጎ ነው» ይላሉ። እናቴ አንገቷን ደፍታ ትሰማለች። እኔ ጥዬ እወጣለሁ። እምነቴ አልቆ ይሆን? ስብከት በቃኝ፤ ያለፈበት ሰው ካለ ይመልስልኝ።

መልስ፦
እግዚአብሔር ያጽናችሁ፣ እህቴ። እኔም አባቴን እንደዚሁ አጥቻለሁ። «ለበጎ ነው» የሚሉሽ ክፉ ሆነው አይደለም፤ ዝምታው ከብዷቸው ነው። የኢዮብ ወዳጆች ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት አብረውት መሬት ላይ ተቀመጡ፣ አንድ ቃል አልተነፈሱም። ደግ የሠሩት ያኔ ነው። አፋቸውን ሲከፍቱ ነገሩ ተበላሸ። ምዕራፍ 42ን እዪ። ኢዮብም ተገሥጿል፣ እውነት ነው። የእግዚአብሔር ቁጣ የነደደው ግን ለእሱ ጠበቃ ሆነው በተከራከሩት ወዳጆች ላይ ነው።

መልስ፦
ይቅርታ፣ ይሄ ማጉረምረምን ማበረታታት አይሆንም? እስራኤል በምድረ በዳ የተቀጡት በምን ሆነና?

መልስ (የመጀመሪያው ሰው)፦
እነሱ ያጉረመረሙት በየድንኳናቸው፣ እርስ በርስ ነው። ዕንባቆም ግን «አቤቱ፣ እስከ መቼ?» ብሎ የጮኸው ለራሱ ለእግዚአብሔር ነው። ሐሜትና ሙግት ይለያያሉ። ደግሞ የሰሊሆም ግንብ ወድቆ ስለገደላቸው 18 ሰዎች ጌታ ሲናገር፣ ከሌላው የባሰ ኃጢአት አልነበረባቸውም አለ እንጂ ለምን እንደሞቱ አላብራራም። እሱ ያላብራራውን እኛ ምን አጣደፈን?

መልስ፦
ዩርገን ሞልትማን የሚባል ጀርመናዊ የነገረ መለኮት ሊቅ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1943 ሃምቡርግ ከአየር ስትደበደብ የ17 ዓመት ልጅ ነው። አጠገቡ የነበረው ጓደኛው ሞተ፣ እሱ ተረፈ። በኋላ ተማርኮ ስኮትላንድ ካምፕ ውስጥ ሳለ መጽሐፍ ቅዱስ ሰጡት። ማርቆስ ላይ «አምላኬ፣ ለምን ተውኸኝ» የሚለው ጋ ሲደርስ፣ የሚረዳኝ አንድ አገኘሁ አለ። መልስ አላገኘም፣ ልብ በዪ። መዝሙር 88ንም ሞክሪው፤ እስከ መጨረሻው መስመር መጽናናት የለበትም።

ጠያቂዋ፦
ትናንት ለእናቴ አነበብኩላት። «ይሄም እዚያ ውስጥ አለ?» አለችኝ። ከዚያ ድገሚው አለች።