ለኤሌክትሪክ መኪና ኮዲንግና ምርመራ የትኛውን ሶፍትዌር ልያዝ?

አዲስ_ሾፌር፦
ሰላም ለሁላችሁ። ያገለገለች የ2015 ቢኤምደብሊው አይ3 ገዝቻለሁ፤ ባለ 60 አምፔር ሰዓት ባትሪዋን፣ ቤንዚን የሌላትን። የምፈልገው ሁለት ነገር ነው። የትልቁን ባትሪ ጤና ራሴ ማየት፣ ከዚያ ጥቃቅን ነገሮችን ኮድ ማድረግ፣ ማለትም የመኪናዋን ኮምፒውተር ቅንብር መቀየር። ስቆልፋት የጎን መስታወቷ እንዲታጠፍ፣ ስክሪኑ በበራ ቁጥር የሚመጣው የማስጠንቀቂያ ጽሑፍ እንዲቀር። ርካሽ የብሉቱዝ ማንበቢያ ገዝቼ አንድ ነጻ አፕ ጫንኩ። ይገናኛል፣ ወዲያው ይቋረጣል። ሲሳካለትም ስለ ባትሪው ምንም አይነግረኝም። ስለ ሶፍትዌሮቹ ሳነብ ደግሞ አንዱ ኢስታ ይላል፣ አንዱ ኢ-ሲስ፣ አንዱ ቢመርኮድ፤ ግራ ገባኝ።

ሌላም አለ። ባለፈው ሳምንት ሦስት ቀን ቆማ ስከፍታት ዳሽቦርዱ ላይ ማስጠንቀቂያ ተደረደረ፤ የፍሬን፣ የመሪ፣ የኃይል ማስተላለፊያ፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ። ትንሽ ቆይቶ ጠፋ። ትልቁ ባትሪ እየሞተ ይሆን? እውነት ለመናገር እንቅልፍ ነስቶኛል።

የሽቦ_ሰው፦
እንኳን ደስ አለህ ወንድሜ፣ ጥሩ መኪና ነው የያዝከው። አፑ ላይ አትፍረድ። ኦቢዲ የሚባለው፣ ማንበቢያው ከመኪና ጋር የሚነጋገርበት የጋራ ደንብ፣ መጀመሪያ የተሠራው የጭስ ልቀትን ለመቆጣጠር ነው። ጭስ የሌላት መኪና ለዚያ ጥያቄ የምትመልሰው ብዙ ነገር የላትም። የባትሪውን መረጃ እያንዳንዱ አምራች በራሱ ቁጥር ነው የሚያስቀምጠው፣ ስለዚህ ያንን ቁጥር የሚያውቅ አፕ ያስፈልግሃል።

ማንበቢያውም ችግር አለበት። ከባትሪው የሚመጣው መልስ ረጅም ስለሆነ ተቆራርጦ ነው የሚላከው፣ ኤልም327 የሚባለው የማንበቢያ ቺፕ ርካሽ ቅጂዎች ደግሞ መሃል ላይ ይጥሉታል። ኦቢዲሊንክ ወይም ቪሊንከር የሚባል ማንበቢያ ብትይዝ ይሄ ጣጣ አይገጥምህም።

ከሁሉ በፊት ግን ምን መሥራት እንደምትፈልግ ለይ። ማንበብ፣ ኮድ ማድረግና ፕሮግራም ማድረግ ሦስት የተለያዩ ሥራዎች ናቸው። ለማንበብ ቢመርሊንክ፣ ላልካቸው ጥቃቅን ለውጦች ቢመርኮድ ይበቃሃል፤ ሁለቱም ስልክህ ላይ የሚጫኑ ናቸው። ፕሮግራም ማድረግ ማለት የኮምፒውተሩን ሶፍትዌር ራሱን መቀየር ነው፣ እሱን ለጊዜው ተወው።

የባትሪውን ጤና ለማየት ደግሞ ገንዘብ አታውጣ። ዳሽቦርዱ ውስጥ የተደበቀ የአገልግሎት ሜኑ አለ። የጉዞ ኪሎሜትሩን ዜሮ የምታደርግበትን ቁልፍ ተጭነህ ትቆያለህ፤ የሚስጥር ቁጥር ሲጠይቅህ የሻንሲ ቁጥርህን የመጨረሻ 5 አሃዞች ደምረህ ታስገባለህ። ውስጥ ገብተህ «ባት ካፓ ማክስ» (የባትሪው ከፍተኛ አቅም) የሚለውን ፈልግ። ያንተ ዓይነት አዲስ እያለች ለመንዳት የሚውለው 18.8 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ነው። ቁጥሩ ከቀን ቀን ትንሽ ስለሚዋዥቅ አንዴ አይተህ አትደንግጥ።

መካኒኳ፦
ሶፍትዌር ከመግዛትህ በፊት ባለ 12 ቮልቷን ትንሿን ባትሪ ለካ። እባክህ ይሄን አትዝለል። ምንም የማይገናኙ መብራቶች አንድ ላይ ሲበሩ፣ በተለይ ቆማ ከከረመች በኋላ፣ እኔ መጀመሪያ የምጠረጥረው እሷን ነው። ትልቁ ባትሪ ሙሉ ቢሆን እንኳ ኮምፒውተሮቹን የምታነቃቸው ትንሿ ናት፤ እሷ ስትደክም እርስ በርስ መነጋገር ያቅታቸውና በ«ዩ» የሚጀምር የስህተት ኮድ ይዘንባል። መኪናዋ አርፋ ቆይታ 12.6 አካባቢ ካነበብክ ጥሩ ነው፣ ከ12.2 በታች ከሆነ ደክማለች።

ኮድ ስታደርግም ያው ነው። ቮልቴጁን አጽንቶ የሚይዝ ቻርጀር ካላሰርክ አትጀምር። መሃል ላይ ኃይል ወርዶበት ጭራሽ አልነሳ ያለ ኮምፒውተር እጄ ላይ መጥቶ ያውቃል፣ ባለቤቱ የፈለገው የበር መቆለፊያ ድምፅ መጨመር ብቻ ነበር። አሳዘነኝ።

ደግሞ ፒ0ኤኤ6 የሚል የስህተት ኮድ ካየህ ኮዱን ሰርዘህ ብቻ አትንዳ። የከፍተኛ ቮልቴጁን መስመር ከመኪናው አካል የሚለየው መከለያ ተዳክሟል ማለት ነው። ብርቱካናማው የከፍተኛ ቮልቴጅ ሽቦ ላይ እጅህን እንዳታሳርፍ፣ ለሠለጠነ ሰው ስጥ።

ላፕቶፕ_ያዥ፦
እህቴ ያለችው ትክክል ነው። እኔ ስለ ላፕቶፖቹ ልጨምር። ኢስታ የአምራቹ የራሱ መመርመሪያ ነው፤ ስህተቱን ብቻ ሳይሆን ቀጥሎ ምን መለካት እንዳለብህ፣ የቱ ሶኬት የት እንዳለ ከነሽቦ ንድፉ ያሳይሃል። ኢ-ሲስ ደግሞ ለኮዲንግ ነው፤ እጅግ ጥልቅ ነው፣ ግን ማንም አያስቆምህም፣ የተሳሳተ መስመር ብትቀይር ዝም ብሎ ይጽፍልሃል። ሁለቱም ዊንዶውስ ይፈልጋሉ፣ ከመኪናዋ ጋር የሚያገናኛቸው ኢኔት የሚባለው የኔትወርክ ኬብል ነው፣ ከብሉቱዝ በጣም ይፈጥናል። ከማይታወቅ ገጽ የወረደ ቅጂ ግን አትጫን፣ ቫይረስ ይዞ ሊመጣ ይችላል። ኢስታን አምራቹ ራሱ በክፍያ ለውጭ ጋራዦች ይሰጣል።

ላንተ ሥራ ቢመርኮድ ይሻልሃል። ከመቀየሩ በፊት የነበረውን ራሱ ያስቀምጥልሃል። አንተም የቀየርከውን ሁሉ ማስታወሻ ላይ ጻፍ፤ መኪናዋ አንድ ቀን የሶፍትዌር ማሻሻያ ከተደረገላት ኮዱ ወደ ፋብሪካው ቅንብር ይመለሳል፣ ያኔ እንደገና ከባዶ ትጀምራለህ።

ሊፍ_ነጂ፦
እኔ ኒሳን ሊፍ ነው ያለኝ፣ ከዚህ ሁሉ የሚሆነኝ የቱ ነው?

የሽቦ_ሰው፦
ላንተ ሊፍ ስፓይ የሚባለው አፕ። 96ቱንም የሴል ጥንዶች ቮልቴጅ ለየብቻ ያሳይሃል። ከሌሎቹ በጣም ወርዶ የቀረ ካለ እሱን ተከታተል።

አዲስ_ሾፌር፦
ተመልሻለሁ። ትንሿን ባትሪ ለካሁ፣ 11.8! ቀየርኳት፣ አራት ቀን አቁሜ ከፈትኳት፣ አንድም መብራት የለም። የተደበቀው ሜኑ 16.5 አለኝ፣ 88 በመቶ ገደማ መሆኑ ነው። መካኒኳ፣ እግዜር ይስጥሽ። የስክሪኑ ጽሑፍም ቀረ፣ ቻርጀር አስሬ ነው የሠራሁት። የመስታወቱ ምርጫ ግን አፑ ውስጥ አለ፣ አበራሁት፣ ሲቆለፍ ምንም አይንቀሳቀስም።

መካኒኳ፦
አይዞህ። በሩ ላይ መስታወት የሚያጥፍ ቁልፍ አለ?

አዲስ_ሾፌር፦
የለም፣ በእጅ ነው የማጥፈው።

መካኒኳ፦
እንግዲያው ውስጡ ሞተር የለውም። ምርጫውን መልሰህ አጥፋው፣ በኋላ ኮምፒውተሩ የሌለ ሞተር እየፈለገ ስህተት እንዳይመዘግብብህ።