«ሥልጣኔ» ያለ ሥልጣን ይኖራል ወይ?

የማታ ጥናት፦
ሰላም ቤተሰብ። አንድ የቃል ጥያቄ ይዤ መጣሁ። ልጄ የቤት ሥራ ተሰጥቶት ትናንት ማታ እኔ ላይ ጣለው። ሠንጠረዥ ነው። በግራ ግብፅ፣ መስጴጦምያ፣ ኢንዱስ፣ ቻይና። በላይ መንግሥት፣ ሃይማኖት፣ ያበረከቱት ነገር። ርዕሱ «የወንዝ ሸለቆ ሥልጣኔዎች» ይላል። ግብፅንና መስጴጦምያን ቶሎ ሞላን። ኢንዱስ ጋ (የዛሬዋ ፓኪስታን አካባቢ ያለው ወንዝ ነው) ስንደርስ «መንግሥት» የሚለው ሳጥን ባዶ ቀረ። መጽሐፉ ንጉሥም አይል፣ ካህንም አይል። ልጁ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «እማዬ፣ ሥልጣን ከሌለ እንዴት ሥልጣኔ ይባላል?» ዝም አልኩ። እውነት ሁለቱ ቃላት ዘመዳሞች ናቸው? ወይስ ድምፃቸው ነው የገጠመው?

ጋሽ ሰዋስው፦
ልጅሽ ይባረክ። ዘመዳሞች ብቻ አይደሉም፣ የአንድ ሥር ልጆች ናቸው። በግዕዝ «ሠልጠነ» ማለት ገዛ፣ በላይ ሆነ፣ ሥልጣን ያዘ ማለት ነው። ዐረቦቹ «ሱልጣን» የሚሉትም ከዚሁ ዘር ነው። ይባስ ብሎ በመስጴጦምያ ይነገር የነበረው አካድኛ «ሸላጡ» የሚል ግሥ ነበረው፣ ትርጉሙም ማዘዝ፣ መግዛት። ስለዚህ ቃሉ ራሱ የኤፍራጥስን ውሃ የጠጣ ዘመድ አለው።

አማርኛ ቃሉን ወስዶ አለሳለሰው። ሙያ የተማረ ሰለጠነ ይባላል። መኪና የሚነዳም፣ ወታደርም፣ ቡና ቤት ገብቶ ማኪያቶ የሚያዝም ሰለጠነ ይባላል። የድሮው ትርጉም ግን አልሞተም። «ክፉ መንፈስ ሰለጠነበት» ሲባል ሰውየው ኮርስ ወሰደ ብሎ የሚሰማ የለም።

የሌሎቹን እዩ። የአውሮፓ ቋንቋዎች ቃሉን ያወጡት የከተማ ዜጋ ከሚለው የላቲን ቃል ነው። ዐረብኛው «ሐዳራ» ይላል፣ በድንኳን ከመዞር ይልቅ አንድ ቦታ ረግቶ መኖር ከሚለው። እኛ ነን ገዢውን ያስቀደምነው።

ሀ ግእዝ፦
ጋሼ ይቅርታ ያድርጉልኝና እዚህ ላይ አልስማማም። ቃል እኮ ከሥሩ ጋር ታስሮ አይኖርም። ዛሬ «ሥልጣኔ» የሚል ሰው ስለ ገዢ እያሰበ አይደለም፣ ስለ አስፋልትና ስለ መብራት ነው የሚያስበው። ሥሩን ቆፍረን ትርጉም ከሰጠን «ከተማ»ንስ ምን ልናደርገው ነው?

ጋሽ ሰዋስው፦
ጥሩ ቃል አነሣህ፣ ግን ለእኔ ነው ያገዝከው። «ከተማ» ድሮ ንጉሡ ወይም የጦር አለቃው የሰፈረበት ቦታ ነበር። ድንኳኑ ከተነሣ ከተማውም አብሮ ይነሣል። እንግዲህ ቁጠር። ሥልጣኔያችን ከገዢ፣ ከተማችንም ከገዢ። ልጁ የጠየቀው ይህንኑ ነው። ሁለቱም ቃሎቻችን ንጉሥ አስቀድመው ነው የሚመጡት፤ ኢንዱስ ላይ ደግሞ ከተማው አለ፣ ንጉሡ የለም።

ቦይ ቀያሽ፦
እኔ የቋንቋ ሰው አይደለሁም፣ የመስኖ ሰው ነኝ። ግን ሥልጣን ከውሃ ጋር እንዴት እንደሚመጣ ያየሁት አለ። ልጅ ሆኜ በእኛ አገር የመስኖ ውሃ የሚያከፋፍል ሰው ነበረ። «የውሃ አባት» ነው የሚባለው። ተራችን ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ ከደረሰ አባቴ ፋኖስ ይዞ ይቀሰቅሰኛል። አካፋ ይዤ እከተላለሁ። የላይኛውን ቦይ በሣርና በጭቃ እንደፍናለን፣ የእኛን እንከፍታለን። ውሃው መጀመሪያ ይንሾካሾካል፣ ቀጥሎ ደረቁን መሬት እየሳበ ይመጣል። የውሃ አባት ገደል ጫፍ ላይ ጋቢውን ተከናንቦ ቆሞ ያያል። አይጮኽም። ግን ያለ ተራው ውሃ የሰረቀ ሰው ጠዋት ሽማግሌ ፊት ነው የሚቆመው።

አሁን የባቢሎኑን ንጉሥ ሐሙራቢን እዩልኝ፣ 1750 ቅ.ል.ክ. አካባቢ የነበረውን። 282 ተብለው ከተቆጠሩት ሕጎቹ ሁሉም ሰው «ዓይን ስለ ዓይን» የሚለውን ያውቃል። እኔን የሚገርመኝ 53ኛውና 54ኛው ነው። አንድ ሰው የመሬቱን ግድብ ለማጠንከር ሰንፎ ግድቡ ቢሸነቆርና ውሃው የጎረቤቶቹን ማሳ ቢወስደው፣ የጠፋውን እህል ይተካል። መተካት ካቃተው ራሱም ንብረቱም ተሽጦ እህል የጠፋባቸው ሰዎች ይከፋፈሉታል። ይሄ እኮ የኛ የውሃ አባት ነው፣ ድንጋይ ላይ የተቀረጸ።

ሀ ግእዝ፦
በመስጴጦምያ ጥንታዊ ቋንቋ፣ በሱመርኛ፣ ንጉሥ «ሉጋል» ነው። «ሉ» ሰው፣ «ጋል» ትልቅ። ትልቅ ሰው! እኛስ «ትልቅ ሰው መጣ፣ ተነሡ» እንል የለም? በሱመሮች ዘመን ኡር፣ ኡሩክ፣ ላጋሽ የሚባሉት ከተሞች እያንዳንዳቸው የራሳቸው መንግሥት ነበሩ። እያንዳንዱ ከተማ የራሱ አምላክ ነበረው፣ ኡር የጨረቃው አምላክ የናና፣ ኡሩክ የኢናና ነበረች። ቤተ መቅደሱ እህል ይሰበስባል፣ ያከፋፍላል፣ ይመዘግባል። ጽሑፍም ከዚያ ነው የተወለደው። በ3200 ቅ.ል.ክ. ገደማ ኡሩክ ላይ የተጻፉት የሸክላ ሰሌዳዎች ቅኔ አይደሉም፣ ገብስና ጠላ ማን ስንት ወሰደ የሚሉ የሂሳብ መዝገቦች ናቸው። በሸምበቆ ጫፍ እርጥብ ሸክላ ላይ እየተጫኑ ነው የሚጽፉት፣ ምልክቱ ሽብልቅ ይመስላል። ለዚህ ነው «የሽብልቅ ጽሑፍ» ማለት የምወደው። እንጨት የፈለጠ ሁሉ ቅርጹን ያውቀዋል።

ሃይፋዊት፦
እኔ ከሃይፋ ነኝ። «ጋል» ስትል አንድ ነገር ትዝ አለኝ። በሱመርኛ «ኤ-ጋል» ትልቅ ቤት ነው፣ ቤተ መንግሥት። አካዶች ወስደው «ኤካሉ» አሉት። ዕብራይስጥ ውስጥ «ሄኻል» ሆነ፣ ቤተ መቅደስ። እዚህ እስራኤል ዛሬም «ሄኻል ሃታርቡት» የሚባል የሙዚቃ አዳራሽ አለ። ሰው ቲኬት ቆርጦ ሲገባ የሱመር ቃል እየተናገረ መሆኑን ማን ያስበዋል?

ጋሽ ሰዋስው፦
እኛም ጋ ደርሷል ልጄ። በግዕዝ «ሀይከል» አለ፣ መቅደስ፣ ታላቅ ቤት ማለት ነው። ከሱመር ተነሥቶ በሦስት አራት ቋንቋ ጀርባ ታዝሎ ነው የመጣው።

ሃይፋዊት፦
ታዲያ ፈርዖንም እኮ ቤት ነው! በግብፅኛ «ፐር» ቤት፣ «ዓ» ትልቅ። መጀመሪያ የግቢው ስም ነበር። ንጉሡን ራሱን በዚህ ስም መጥራት የተለመደው ከ15ኛው መቶ ዓመት ቅ.ል.ክ. አካባቢ ጀምሮ ነው። ትልቁን ፒራሚድ ያሠራው ኩፉ ከዚያ አንድ ሺህ ዓመት ያህል ቀድሞ ነው የነገሠው። በዘመኑ ማንም «ፈርዖን» ብሎ አልጠራውም።

ቦይ ቀያሽ፦
«አራት ኪሎ ምን አለ?» እንደምንለው በሉኛ። ሰፈሩን ጠርተን መንግሥትን ነው የምንለው።

ሃይፋዊት፦
በትክክል! ደግሞ «ግብፅ» የሚለው ስም ራሱ በግሪክኛ በኩል የመጣው ሜምፊስ ከነበረው የፕታሕ ቤተ መቅደስ ስም ነው ይባላል፣ «የፕታሕ መንፈስ ቤት»። ንጉሡ ቤት፣ አገሩ ቤት። «ባቢሎን» ደግሞ በር ነው። «ባብ ኢሊ»፣ የአምላክ በር። ባብ ኤል መንደብ ላይ ያለው «ባብ» ማለት ነው። ኦሪት ዘፍጥረት ግን «ባላል» ከሚለው የዕብራይስጥ ቃል ጋር ያጫውተዋል፣ ደባለቀ ከሚለው። ባቢሎናውያን የእግዜር በር ይላሉ፣ ጎረቤቶቻቸው የቋንቋ ቅልቅል።

የማታ ጥናት፦
ኧረ እናንተ ሰዎች፣ ለአንድ ሳጥን መጥቼ አገር ተሰጠኝ። ስለ ግብፅ ካነሣችሁ ልጁ ሃይማኖት የሚለው ሥር «መዓት» ብሎ ጽፏል። ከመጽሐፉ ነው የገለበጠው። መቅሠፍት ያመልኩ ነበር ማለት ነው?

ጋሽ ሰዋስው፦
ሃሃሃ! «ማዓት» ይበል፣ በረጅሙ። የእኛ መዓት ቁጣ ነው፣ የእነርሱ ማዓት እውነት፣ ሚዛን፣ የዓለም ሥርዓት። የቃል ዝምድና የላቸውም። የሙታን ፍርድ ላይ የሰውየው ልብ በአንዱ የሚዛን ሳሕን ይቀመጣል፣ በሌላው የማዓት ላባ። ልቡ ከከበደ አሚት የምትባል አውሬ ትውጠዋለች፣ ራሷ አዞ፣ የፊት አካሏ አንበሳ፣ ኋላዋ ጉማሬ። ፈርዖኑም ሥራው ማዓትን መጠበቅ ነበር። ወንዙ ጎድሎ፣ ሽፍታ በዝቶ ከተገኘ ሥርዓቱን አልጠበቀም ይባላል። እኔ ሚዛኑን ባሰብኩ ቁጥር የበላዔ ሰብእ ታሪክ ነው ትዝ የሚለኝ። ለለምጻሙ የሰጣት ጥርኝ ውሃ ሚዛን ስትደፋ። ተወራረሱ አላልኩም፣ ትዝ አለኝ ነው ያልኩት።

ሀ ግእዝ፦
እርግጠኛ ዝምድና ከፈለጋችሁ ጳጉሜን ናት። ግብፆች ዓመቱን በ12 ወር፣ ወሩን በ30 ቀን ከፈሉ፣ የቀሩትን 5 ቀናት ለብቻ አስቀመጡ። «ከዓመቱ በላይ ያሉት» ነበር የሚሏቸው። ግሪኮች «የተጨመሩት» ብለው ተረጎሙት፣ ጳጉሜን የሚለው ስማችን ከዚያ ግሪክኛ ነው። በቅብጦች፣ በግብፅ ክርስቲያኖች፣ በኩል እኛ ጋ መጣ። አምስቱ ቀናት የአምስት አማልክት ልደት ነበሩ፣ ኦሲሪስ፣ ሆረስ፣ ሴት፣ አይሲስ፣ ኔፍቲስ። (ሴት ወንድ ነው፣ ግራ እንዳይገባችሁ።) ዓመታቸውም በሦስት ወቅት ነበር የሚከፈለው፣ ሙላት፣ ቡቃያ፣ አጨዳ። ሙላቱ የሚመጣው የእኛ ክረምት ስለሆነ ነው።

ቦይ ቀያሽ፦
እዚህ ላይ ዝም አልልም። ግብፆች አገራቸውን «ኬመት» ይሉ ነበር፣ ጥቁሯ ምድር። ጥቁሩ ምንድን ነው? ደለል። ከየት ሄደ? ከኛ ተራራ። በሙላት ወቅት ከሚደርሳቸው ውሃ አብዛኛው ከኢትዮጵያ ነው። «ዓባይ ማደሪያ የለው ግንድ ይዞ ይዞራል» ብለን ተረትንበት፣ ግንዱን እንጂ አፈሩን አልቆጠርንም። ማደሪያውስ እዚያ ታች ነበር።

ጋሽ ሰዋስው፦
ቻይናንም በአጭሩ እናንሣላት፣ ሳጥኗ እንዳይቀር። ቢጫው ወንዝ ቢጫ የሆነው በሚሸከመው አፈር ነው። በቻይንኛ «መግዛት» የሚለው ፊደል ላይ የውሃ ምልክት አለበት፣ ጎርፍ መግራትንም በዚያው ቃል ነው የሚሉት። ከ1046 ቅ.ል.ክ. ገደማ የነገሡት ዦዎች ደግሞ «የሰማይ ትእዛዝ» የሚል ሐሳብ አመጡ። የእኛን «ሥዩመ እግዚአብሔር» ይመስላል። ልዩነቱ፣ የእነርሱ ሰማይ ሹመቱን ይነጥቃል። ጎርፍ በዝቶ ረኃብ ከገባ፣ ሰማዩ ተቆጥቶ ሌላ ሾመ ማለት ነው።

ሀ ግእዝ፦
ወደ ልጁ ጥያቄ እንመለስ። ኢንዱስ ከ2600 እስከ 1900 ቅ.ል.ክ. ድረስ ደርቶ ነበር። መጀመሪያ ስሙን፦ «ህንድ» የሚለው ከዚሁ ወንዝ ስም የመጣ ነው፣ «ሲንዱ» ከሚለው። መጽሐፈ አስቴር «ከህንድ ጀምሮ እስከ ኢትዮጵያ ድረስ» ሲል ያ ወንዝ አለበት። ከከተሞቹ አንዱ ሞሄንጆ ዳሮ ደግሞ በሲንድኛ «የሙታን ጉብታ» ነው። የከተማው ነዋሪዎች ራሳቸው ምን ብለው እንደጠሩት አይታወቅም፣ ጽሑፋቸው እስካሁን አልተነበበምና። አንዱ ማኅተም ላይ ያለው ምልክት በአማካይ አምስት ገደማ ነው፣ በአምስት ፊደል ማን ምን ይናገራል?

ግን ጡባቸውን እዩ። ከፍታው 1 ከሆነ ስፋቱ 2፣ ርዝመቱ 4። ይህ ልክ በመቶዎች በሚቆጠሩ ኪሎ ሜትሮች ተራርቀው ባሉት ከተሞች፣ በሃራፓም በሞሄንጆ ዳሮም፣ አንድ ነው። የሚዛን ድንጋዮቻቸውም እንደዚያው። ሞሄንጆ ዳሮ ላይ 12 ሜትር በ7 ሜትር የሆነ መዋኛ የሚመስል ገንዳ አላቸው፣ ውሃ እንዳያሰርግ በሬንጅ የተመረገ። ቤቶቹ መታጠቢያ አላቸው፣ እጣቢው በጡብ በተከደነ ቦይ መንገድ ዳር ይሄዳል። ቤተ መንግሥት ነው ተብሎ የሚታመን ግን የለም፣ የንጉሥ መቃብር የለም፣ ጠላቱን በዱላ የሚመታ ንጉሥ ሥዕል የለም። አንዲት ስንዝር የማትሞላ ጺማም የድንጋይ ምስል ተገኝታ ቆፋሪዎቹ «ካህኑ ንጉሥ» አሏት። ካህን መሆኑን ማን አየ? ንጉሥ መሆኑንስ? እነርሱም እንደ እኛ ቃል ናቸው፣ ገዢ ካላገኙ እንቅልፍ አይወስዳቸውም።

ጋሽ ሰዋስው፦
ይቺን ተሸንፌልሃለሁ።

ቦይ ቀያሽ፦
እኔ ግን አንድ ሰው ሳያዝ ያ ሁሉ ጡብ አንድ ልክ አይሆንም እላለሁ። የውሃ አባት ዙፋን አልነበረውም፣ ጋቢ ብቻ ነበር የነበረው። ከአራት ሺህ ዓመት በኋላ ያንን ጋቢ ማን ቆፍሮ ያገኘዋል?

የማታ ጥናት፦
ይህንን ሁሉ ለልጁ አነበብኩለት። «ቀያሹ ትክክል ነው» አለ፣ ቀጥሎ «ሀ ግእዝም ትክክል ነው» አለ፣ ፖለቲከኛ ሊሆን ነው መሰለኝ። ሥልጣኔ የሚለውን ቃል ምን እናድርገው ብለው «ይቆይ፣ ፈተና ላይ እሱ ነው የሚመጣው» አለኝ። «መዓት»ን ወደ «ማዓት» አስተካከለ። ኢንዱስ ጋ ያለው ሳጥን ላይ ደግሞ በእርሳስ የጻፈው ይኸውላችሁ፦ «ቤተ መንግሥቱ አልተገኘም። የእጣቢ ቦዩ ተገኝቷል።» ነገ መምህሩ ምን እንደሚሉ እነግራችኋለሁ።